የሕዝብ ቁጥር ግምቶችን ስለ ማነጻጸር፤ የምዕራብ ጎጃም ምሳሌ



በኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ሦስት አጠቃላይ የሕዝብ ቆጠራዎች ተካሂደዋል፤ እነርሱም የ1976፣ የ1987 እና የ1999 ዓ.ም. ናቸው። ከእነዚህ ሌላ የናሙና ጥናቶችና ትንበያዎች በየጊዜው ወጥተዋል። ሁሉም ስለ አንድ ሕዝብ ቢናገሩም የሚለኩት አንድ ነገር አይደለም። ልዩነታቸው ሳይመረመር ከተነጻጸሩ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያና ለበጀት ድልድል የተሳሳተ መሠረት ይሆናሉ።

አንደኛው ጥያቄ የወሰን ነው። በ1976 የተቆጠረው የጎጃም ክፍለ ሀገር ነበር፤ በውስጡ የነበረው መተከል ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ይገኛል። በወረዳ ደረጃ ደግሞ በ1987 ቡሬ ወምበርማ ይባል የነበረው አንድ ወረዳ በ1999 ሁለት ሆኖ ተቆጥሯል። ስለዚህ የቡሬ ሕዝብ ቀነሰ የሚል ሰው የተቀነሰው ሕዝቡ ነው ወይስ መሬቱ ብሎ አስቀድሞ ማጣራት ይገባዋል።

ሁለተኛው የጊዜ ነው። ምዕራብ ጎጃም በ1987 1.78 ሚሊዮን ገደማ፣ በ1999 ደግሞ 2.1 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ተቆጥሮበታል። ዘመኑ 12 ዓመት ነው ከተባለ ዓመታዊው ዕድገት 1.4 በመቶ ያህል ይሆናል። ነገር ግን የፊተኛው ቆጠራ በጥቅምት፣ የኋለኛው በግንቦት ስለተደረገ ትክክለኛው ዘመን 12 ዓመት ከ7 ወር ነው፤ ዕድገቱም ወደ 1.3 በመቶ ዝቅ ይላል። ይህች ጥቂት ልዩነት ለ20 ዓመት ትንበያ ስትዘረጋ በ1999 በፍኖተ ሰላም ከተማ ከተቆጠረው 26 ሺህ ያህል ሕዝብ የሚበልጥ ስሕተት ታስከትላለች።

ሦስተኛው የምንጭ ነው። የ1999 ቆጠራ ለአማራ ክልል 17.2 ሚሊዮን ሕዝብ ሲያሳይ አስቀድሞ የወጣው ትንበያ ከዚህ በ2 ሚሊዮን የሚበልጥ ስለነበረ ጉዳዩ በተወካዮች ምክር ቤት አከራከረ። ትንበያ በወሊድ፣ በሞትና በፍልሰት ግምት ላይ ይቆማል፤ ቆጠራም የሚያመልጠው ሰው አለ። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በክልሉ አንዲት ሴት በዕድሜዋ ትወልዳለች ተብሎ የሚገመተው የልጆች ብዛት በ1992 5.9፣ በ1997 5.1፣ በ2008 3.7 ነበር። እንዲህ ያለው ማስረጃ የወሊድ መቀነስ ከልዩነቱ ምን ያህሉን እንደሚያስረዳ ለመመርመር ያግዛል። ይሁን እንጂ ናሙናው ለክልል የተዘጋጀ በመሆኑ ስለ ቡሬ ወይም ስለ ፍኖተ ሰላም ብቻውን መልስ አይሰጥም።

አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ በመራዘሙ ትንበያዎቹ በ1999 መሠረት ላይ እንደ ቆሙ ቀርተዋል። በቡሬ የተቋቋመው የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክም ሆነ በ2015 መጨረሻ በክልሉ የተነሣው ግጭት በዚያ መሠረት ውስጥ አልነበሩም።

በመሆኑም ከእያንዳንዱ ቁጥር ጋር ምንጩ፣ ወሩና ዓመቱ፣ ወሰኑ፣ እንዲሁም ቆጠራ፣ ናሙና ወይም ትንበያ መሆኑ ሊጻፍ ይገባል። የአንድ ወረዳ የክትባት ሽፋን ከ100 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቀርብ አካፋዩ ማነሱ ሊሆን ይችላል። በዚያ ሪፖርት ደስ የተሰኘ መሥሪያ ቤት ያልተከተበውን ሕፃን ፍለጋ አይወጣም።