ለዚያች እናት የምትሰጡት መልስ



የዛሬ የጤና ተመራቂዎች፣ እዚሁ ጥሊሊ ዙሪያ ስትመደቡ አንዲት እናት መጥታ «የልጄ ጋብቻ ፈረሰ፤ አያቷ ዝሆኔ ነበረባቸው» ትላችሁ ይሆናል። ልናገር የመጣሁት ለዚያች እናት ስለምትሰጡት መልስ ነው።

በመጀመሪያ ግን የጂን ለውጥ ሁሉ እንደማይወረስ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። በሕዋሳችን አስኳል ውስጥ ኑክሊዮለስ የሚባል ክፍል አለ፤ ፕሮቲን የሚሠሩት ራይቦዞሞች የሚሰናዱበት ነው። ኑክሊዮፎስሚን ከዚያ ከሚገኙት ፕሮቲኖች አንዱ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ብሩናንጄሎ ፋሊኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳሳዩት፣ በጂኑ ላይ ብዙውን ጊዜ አራት የዘረመል ፊደላት ተጨማሪ ሲገቡ ፕሮቲኑ አስኳሉን ለቆ ይወጣል። አጣዳፊ ማይሎይድ የደም ካንሰር ከያዛቸው አዋቂዎች ሲሶ ያህሉ በካንሰሩ ሕዋሳት ላይ የዚህ ጂን ለውጥ ይታይባቸዋል። ለውጡ ግን ከእናት ከአባት የመጣ አይደለም፤ ሰውየው ከተወለደ በኋላ በራሱ መቅኔ ውስጥ የተፈጠረ ነው። ልጆቹ አይወርሱትም።

ዝሆኔ ሌላ ነው፤ በእርግጥም በቤተሰብ ይበዛል። ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት የሰውነትን መከላከያ የሚመሩ አንዳንድ ጂኖች ለዚህ በሽታ እንደሚያጋልጡ አሳይተዋል። ይህን ለእናቲቱ አትደብቋት። ነገር ግን ጂኑ ብቻውን እግር አያሳብጥም። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በአገራችን ለዓመታት ተመራምሮ በሽታውን ከቀይ አፈር ጋር አያይዞታል። የአካባቢያችን የዘንገና ሐይቅ የተኛው በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ ነው፤ የደጋችን አፈርም የዚያው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ልጅ ነው። በባዶ እግሩ ድንች የሚኮተኩት ገበሬ ዓመቱን ሙሉ ደቃቁን አፈር በቆዳው ያስገባል። ጫማ ያደረገችና እግሯን የምትታጠብ ልጅ ግን፣ አያቷ ማንም ይሁኑ፣ ከበሽታው ታመልጣለች።

የታመመውም ተስፋ አለው። በምሥራቅ ጎጃም ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዳረጋገጠው፣ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ የሚያተኩሰውንና አልጋ ላይ የሚጥለውን ሕመም ይቀንሳሉ። እባካችሁ ያንን እግር አፍንጫችሁን ሳትይዙ በእጃችሁ እጠቡት፤ ቤተሰቡ ዳር ቆሞ ያያችኋል።

ሽማግሌ ሆናችሁ የምትላኩ አባቶቼ፣ እናንተንም እለምናለሁ። ዝሆኔ አለበት ተብሎ የተጠረጠረ ቤት ሲገጥማችሁ ጋብቻውን ከማፍረሳችሁ በፊት እነዚህን ተመራቂ ልጆች ጠይቋቸው።