በየዓመቱ የሚታደሰው ብስክሌታችን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



እንደምታውቁት ከመካከላችን ብዙዎቹ ከጢስ ዓባይና ከአካባቢው መጥተን፣ በባሕር ዳር ቤት ተከራይተን የምንማር ነን። ቅዳሜ ወደ ወላጆቻችን ሄደን እሑድ ስንቅ ይዘን እንመለሳለን። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመኪና ዋጋ በየሳምንቱ ለመክፈል የሚችል ጥቂት ነው፤ በእግሩ የመጣውንም ሰኞ በክፍል ውስጥ እንቅልፍ ያሸንፈዋል። ስለዚህ ስለ ብስክሌት ስንናገር ስለ ጨዋታ የምንናገር እንዳይመስላችሁ፤ ነገሩ የስንቅና የሰኞ ትምህርት ነው።

ከተማችን ሜዳ በመሆኗ ብስክሌት የበዛባት ሆና ኖራለች። ባጃጅ ከመጣ ወዲህም ቢሆን ብስክሌት አልጠፋም፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው፣ 380 ሜትር ርዝመት ባለው በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይም ለብስክሌት መንገድ ተለይቶለታል። ችግሩ የትኛውን ብስክሌት መግዛት ነው። በገበያ የሚያብረቀርቀው ርካሽ ብስክሌት ሞላው ክብደት ይጨምርበታል እንጂ ስንቅ ለጫነ ሰው አይረዳውም። እኛ ዘጠነኛ ክፍል ሳለን አራት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን የገዛነው፣ ጎማም ፔዳልም የሌለውን፣ ቆራሌው በኪሎ ሊወስደው የነበረ አሮጌ የእሽቅድምድም ብስክሌት ቴላዮ ነው። በዚያን ጊዜ ያልሳቀብን አልነበረም።

ለምን ብረት መረጣችሁ የሚል ይኖር ይሆናል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 በእንግሊዝ አገር፣ በበርሚንግሃም ከተማ፣ አልፍሬድ ሬይኖልድስ የተባለ ሰው ሁለት ጫፎቹ ወፍራም፣ መካከሉ ስስ የሆነ የብረት ቱቦ የሚሠራበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ጫናው የሚበዛው በመጋጠሚያው ላይ ስለሆነ፣ ከመካከሉ የተቀነሰው ብረት ጥንካሬውን ሳይጎዳ ክብደቱን ያቀልለዋል። አገራችን በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ የተወዳደሩት በብረት ብስክሌት ነበር። ዛሬ የታላላቅ ውድድሮች ብስክሌት የሚሠራው ከካርቦን ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያ ሆኖ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው ጽጋቡ ግርማይም የነዳው እንዲህ ያለውን ነው። ካርቦን ቀላል መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ቢሰነጠቅ በጢስ ዓባይ ማን ይጠግነዋል? ብረት ቢታጠፍ ይቃናል፤ ቢሰነጠቅም በያጁ በነሐስ ይበይደዋል።

ገንዘብ የምናገኘው ጥቂት በጥቂት ስለሆነ፣ ምን ይቅደም የሚለው ብዙ አከራከረን። ከመካከላችን አንዱ የተቆለመመው መሪ ይቅደም አለ፤ ለዓይን ደስ ይላልና። የተስማማነው ግን ሕይወት የሚጠብቀው እንዲቀድም ነው፤ ይኸውም ጎማና ፍሬን። ቸርኬ መግዛት ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። “28 ኢንች” የሚባል ቸርኬ ሁለት ዓይነት ነው፤ ጎማው የሚያርፍበት ዲያሜትር በአንዱ 635፣ በሌላው 622 ሚሊ ሜትር ነው። የአንዱ ጎማ በሌላው ላይ አይገባም፤ የፍሬኑም ላስቲክ ቦታውን ይስታል። እኛ የሚያስፈልገን 622 ነበር። በኢንች የተጻፈውን ትታችሁ በሚሊ ሜትር የተጻፈውን አንብቡ ብሎ የመከረን አንድ ጎሚስታ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሜትር ሳንይዝ ገበያ ወጥተን አናውቅም። 36ቱን ራጂዎች የወጠርናቸው በእጃችን ነው። በጣት ሲነኩ እንደ ክራር ክር ድምፅ ይሰጣሉ፤ በአንድ ወገን ያሉት አንድ ዓይነት ድምፅ እስኪሰጡ ድረስ ሦስት ማታ ፈጀብን። በኋላው ጎማ የቀኙ ራጂ ከግራው ይልቅ መጥበቅ አለበት፤ የካቴናው ጥርሶች ቦታ ስለሚወስዱበት ነው።

በሁለተኛው ዓመት ፔዳሉ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ለወጥን። ቴላዮው የኢጣልያ ሥራ መሆኑን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው፤ የቀዳዳው ጥርስ 36 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ የእንግሊዙ ወደ 35 ነው። የኢጣልያው በሁለቱም በኩል ወደ ቀኝ ሲዞር የሚጠብቅ በመሆኑ፣ የቀኙ በመንዳት ብዛት እየላላ ይመጣል። ስለዚህ በየወሩ እናጠብቀዋለን።

በሦስተኛው ዓመት የሠራነው ከሁሉ ይልቅ ያስፈራን ነበር። የኋላው መያዣ ስፋት 120 ሚሊ ሜትር ሲሆን ያገኘነው ባለ ስድስት ጥርስ ጎማ 126 ይፈልጋል። በአንድ ብረት ሠሪ ቤት በየወገኑ 3 ሚሊ ሜትር ቀስ አድርገን ከፈትነው። ከዚያም ሲባጎ ከአንዱ መያዣ አስነሥተን፣ በፊተኛው ቱቦ አዙረን፣ በሌላው መያዣ አሰርን፤ ከኮርቻው ቱቦ እስከ ሲባጎው ያለው ርቀት በቀኝም በግራም እኩል ሆነ። አልሙኒየም ቢሆን ኖሮ ይህን አንሞክረውም ነበር።

መሪው የመጣው በመጨረሻ፣ ዘንድሮ ነው። ካምቢዮውም ተገጠመ፤ የፊቱ 42፣ የኋላው ትልቁ 28 ጥርስ ስለሆነ፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ ከሦስት ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ጤፍ ዱቄት ጭኖ ነፋስ ለገጠመው ሰው ይህ ይበቃዋል። ከመጀመሪያው ቀን የቀረው ቴላዮውና ፎርኬላው ብቻ ነው።

እንግዲህ እኛ በዚህ ዓመት እንለያያለን። ብስክሌቱ ተሸጦ ገንዘቡ ለአራት ይከፈል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ከመካከላችንም ገንዘቡ በእውነት የሚያስፈልገው አለ፤ ይህን አቅልለን አናየውም። ነገር ግን ዘንድሮ ከጢስ ዓባይ የገቡ ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች በእግራቸው ሲመላለሱ አይተናል። ለእነርሱ እንዲሰጥ ወስነናል፤ ገንዘብ ለሚያስፈልገው ጓደኛችን ሦስታችን ድርሻውን በየጥቂቱ እንከፍለዋለን።

ተረካቢዎች ሆይ፤ ኮርቻው ተቀድዷል፤ የፊቱ ፍሬን ገመድ ክረምት ሳይገባ መለወጥ አለበት። መክፈቻዎቹና ግራሶው በእንጨት ሳጥኑ ውስጥ ናቸው፤ ልኮቹ የተጻፉበት ደብተርም ከሥራቸው አለ።