ጡረታ የወጣ ወታደርና የቡናው ማሳ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ፣ ከጎማ ወረዳ የመጡና ጡረታ የወጡ አንድ የሠራዊት አባል ያደረጉት ንግግር)

ስለ ቡና ጥራትና ስለ ገበያ ከእኔ በፊት የተናገሩት ወንድሞችና እህቶች በቂ ነገር ብለዋል። እኔ እንድናገር የተጠየቅሁት ብዙ ቤት ስለሚያውቀው፣ ነገር ግን በስብሰባ ስለማይነሳ ጉዳይ ነው። ይኸውም ወታደር ጡረታ ሲወጣ በኪሱ ምን ይዞ ይመጣል? ያስ ቤተሰቡን እስከ የት ያደርሳል? የሚል ነው። ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጌራ፣ ከማናና ከሰቃ ልጅ፣ ወንድም ወይም ባል ወደ ሠራዊቱ ያልላከ ቀበሌ ያለ አይመስለኝም። በመሆኑም ጉዳዩ የማኅበራችንም ጉዳይ ነው።

በአገራችን የወታደር ጡረታ መጀመሪያ መሬት ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ በወጡት ትእዛዞች አርበኞች፣ ስደተኞችና ወታደሮች አንድ አንድ ጋሻ መሬት እንዲሰጣቸው ተደርጓል። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ይጠጋል። ለተቀበለው ትልቅ ጡረታ ነበር። ሆኖም በዚያ መሬት ላይ ሲያርስ የኖረው ገበሬ በብዙ ቦታ ጭሰኛ ሆኖ ቀርቷል፤ ይህን የእናንተ አባቶች ከእኔ በላይ ያውቁታል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ ያ ዘመን አበቃ። ዛሬም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ የዛሬ ጡረተኛ ገንዘብ ቢይዝ እንኳ መሬት መግዛት አይችልም። ማሳ የሚኖረው ከቤተሰቡ ይዞታ የደረሰው ወይም የተከራየ ከሆነ ብቻ ነው።

በገንዘብ የሚከፈለው ጡረታ የመጣው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 714 ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ቆይቶ፣ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል። እኔ ሒሳቡን የማስረዳችሁ በ714ቱ አዋጅ ነው፤ ብዙዎቻችን የወጣነው በዚያ ነውና። አሁን ለመውጣት የተቃረበ ሁሉ የራሱን ስሌት ከማኅበራዊ ዋስትና ቅርንጫፍ መጠየቅ አለበት።

በዚያ አዋጅ፣ መዋጮው በየደረጃው አድጎ ሲጠናቀቅ ከወታደሩ መደበኛ ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ መንግሥት ደግሞ 25 በመቶ ይጨምርለታል። ለሲቪል ሠራተኛ መንግሥት የሚጨምረው 11 በመቶ ነው። ልዩነቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ወታደር የሚወጣው ከሲቪል ሠራተኛው ቀደም ብሎ ነው፤ ሥራውም አካልን ይፈጃል።

አበሉ የሚሰላውም እንዲህ ነው። 10 ዓመት ላገለገለ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይታሰብለታል። ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለወታደር 1.65 በመቶ፣ ለሲቪል 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ለምሳሌ ያህል አማካይ ደመወዙ 5,000 ብር የሆነ ወታደር እንውሰድ። 20 ዓመት ካገለገለ 46.5 በመቶ፣ ማለትም 2,325 ብር ያገኛል። 25 ዓመት ካገለገለ 54.75 በመቶ፣ ማለትም 2,737 ብር ከ50 ሳንቲም ያገኛል። 10 ዓመት ሳይሞላው የወጣ ግን ወርኃዊ አበል የለውም፤ አንድ ጊዜ ዳረጎት ተቀብሎ ይሰናበታል።

ከዚህ ሒሳብ ሦስት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ የሚታሰበው መደበኛ ደመወዝ ብቻ ነው። የበረሃ አበል፣ የኃላፊነት አበል፣ ቀለብ የሚባለው ሁሉ ጡረታ ውስጥ አይገባም። ሁለተኛ፣ አማካዩ የሦስት ዓመት ስለሆነ በመጨረሻው ዓመት ማዕረግ ያገኘ ሰው የጭማሪውን ሙሉ ጥቅም አያይም። ሦስተኛ፣ ከ10 ዓመት በታችና በላይ ባለው መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ነው። ጥቂት ወራት የጎደሉት ሰው ከመልቀቁ በፊት ቀኑን ቆጥሮ ይጠይቅ።

አሁን ወደ ቤት እንምጣ። ወታደር በካምፕ ሲኖር ምግቡ፣ መኝታው፣ ደንብ ልብሱና ሕክምናው በሠራዊቱ በኩል ነው። ደመወዙን ለቤተሰብ መላክ የሚችለውም ለዚህ ነው። ጡረታ በወጣ ማግስት ግን ገቢው በግማሽ ገደማ ሲቀንስ፣ እስከዚያ ቀን ከፍሎ የማያውቀው የቤት ኪራይ፣ የዘይትና የጤፍ ወጪ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ገቢው ከላይ፣ ወጪው ከታች ሆነው እንደ ወፍጮ ድንጋይ መሐል ያስገቡታል። መንግሥት በየጊዜው የአበል ማስተካከያ ያደርጋል። ሆኖም ገበያው ማስተካከያ አይጠብቅም፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዋጋው አካሄድ ምን እንደሚመስል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ 20 ዓመት ያገለገለ ወታደር የደመወዙን 50 በመቶ ያገኝ ነበር፤ 20 ያልሞላው ግን በመደበኛው ሥርዓት ምንም አያገኝም ነበር። ከታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለአዲስ ገቢዎች ወደ 40 በመቶ ዝቅ ተደርጎ፣ በምትኩ ወታደሩ ገና ሲቀጠር ጀምሮ በራሱ ስም እንዲቆጥብና መንግሥት እንዲያክልለት ሆኗል። ሀብታሙ አገር እንኳ ወታደሩን በጡረታ ብቻ አላሳደረውም።

በእኛ አገር ደግሞ ያለ ምንም ጡረታ የተበተነ ብዙ ሰው አይተናል። በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት ሲፈርስ ከ450 ሺህ በላይ ወታደሮች ወደ ሲቪል ሕይወት ተመልሰዋል። የማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቁሞ ወደ ገጠር ለተመለሱት ምግብ፣ ዘርና የእርሻ መሣሪያ፣ በአንዳንድ ቦታም የእርሻ በሬ ተሰጥቷል። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላም ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ 150 ሺህ የሚጠጉ ተቀንሰዋል። በእኛ አካባቢ ያየሁትን ልናገር። ከተማ የቀረው ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት፣ ገጠር ገብቶ መሬት ያገኘውና ጎረቤት የተቀበለው ቶሎ ቆመ። ገንዘቡ ብቻውን ያቆመው ሰው አላየሁም፤ ያቆመው ማሳውና ሰው ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤

ጡረታና ቡና የሚደጋገፉ ገቢዎች መሆናቸውን ማሳየት እፈልጋለሁ። ቡና በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ይለቀማል። ክረምት ላይ ግን ገበሬው ባዶ እጁን ይሆናል። ያኔ ነው ነጋዴ መጥቶ ገና በአበባው፣ ገና በጥሬው የሚገዛው። ሰኔ ላይ ለቀለብ የተበደረ ገበሬ ኅዳር ላይ እሸት ቡናውን ለማን እንደሚያስረክብ የሚወስነው ራሱ አይደለም። የጡረታ አበል ትንሽ ቢሆንም በየወሩ ይመጣል። ያ ትንሽ ገንዘብ የሐምሌንና የነሐሴን ጤፍ ከሸፈነ ቡናው በአበባው አይሸጥም፤ ለማኅበሩ ይደርሳል። ከዚያም ጡረተኛው የመጀመሪያውን ክፍያ ተቀብሎ የትርፍ ክፍፍሉን መጠበቅ ይችላል። አበሉ ለኩሽና፣ ቡናው ለጣሪያ፣ ለትምህርት ቤትና ለጥሪት ይሁን እላለሁ።

ለዚህ ግን ቡናው ጡረታው ከመድረሱ በፊት መተከል አለበት። ከመልኮ ከጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት፣ የቡና ፍሬ በሽታን የሚቋቋሙት እንደ 74110 እና 74112 ያሉ ዝርያዎች እንኳ ፍሬ ለመያዝ ሦስት ዓመት ገደማ፣ ደህና ምርት ለመስጠት ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። በ2 ሜትር በ2 ሜትር ሲተከል ለአንድ ሄክታር 2,500 ችግኝ ይገባል፤ ለሩብ ሄክታር 625 ይበቃል። ያረጀ ቡና ያለው ደግሞ በየዓመቱ ከፍሎ ከፍሎ ይጎንድል። ሁሉንም በአንድ ዓመት የጎነደለ ሰው ቡናው እስኪያገግም ከማሳው ምንም አያገኝም። ስለዚህ ልጁ በሠራዊት ውስጥ ያለ አባት፣ ባሏ በሠራዊት ውስጥ ያለ ሚስት፣ የሚላከውን ገንዘብ ከፊሉን ጡረታው ከመድረሱ አምስት ዓመት ቀድመው ችግኝ ላይ ያውሉት። የእኔን ማሳ የተከለችው ባለቤቴ ናት። እኔ ስመለስ ለቅሞ ማስረከብ ነው የጠበቀኝ።

ዳረጎት ወይም የተጠራቀመ ገንዘብ ይዞ የሚመጣውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ላይ የመጣ ገንዘብ ብዙ ዘመድ አለው። ሠርግ ይጠብቀዋል፣ ብድር የሚጠይቅ ይጠብቀዋል፣ ባጃጅ እንግዛ የሚል ሽርክ ይጠብቀዋል። ባጃጅ መጥፎ ሥራ ነው አልልም። ሆኖም ነድቶ የማያውቅ ሰው በማያውቀው ሥራ ጥሪቱን ሁሉ ባያስገባ ይሻለዋል። በገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበር አስቀምጦ ስድስት ወር ቢያስብበት ገንዘቡ ከየትም አይሄድበትም።

ሚስቶችንና ልጆችንም አንርሳ። ጡረተኛው ሲሞት ለሚስቱ ወይም ለባሏ የአበሉ 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ዕድሜው 18 ያልሞላ ልጅ 20 በመቶ እንዲከፈል አዋጁ ደንግጓል። ቅድም ባልነው ምሳሌ፣ የ25 ዓመቱ ወታደር ሚስት 1,368 ብር ከ75 ሳንቲም፣ እያንዳንዱ ልጅ 547 ብር ከ50 ሳንቲም ያገኛሉ ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ግን ጋብቻውና ልደቱ ከተመዘገበ ነው። በሽማግሌ ተጋብቶ፣ ማስረጃ ሳያወጣ፣ ልጁን በወንድሙ ስም አስመዝግቦ የሞተ ሰው ቤተሰቡን ለክርክር ይዳርጋል። አንዲት የሰፈራችን እናት በሕይወት ሳለ በአንድ ቀን ሊወጣ ይችል ለነበረ ወረቀት ከሁለት ዓመት በላይ ከቀበሌ ወረዳ፣ ከወረዳ ፍርድ ቤት ሲመላለሱ አይቻለሁ። የመኪና ኪራዩን የከፈሉት ጀንፈል እየሸጡ ነበር።

ስለዚህ በዚህ በዓል ላይ አራት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መሠረታዊ ማኅበራት ከሠራዊት የተመለሰን ሰው ማሳ እስካለው ድረስ «አንተ ገበሬ አይደለህም» ብለው አይመልሱት። አባልነት በፈቃደኝነት የተመሠረተና ለሁሉም ክፍት መሆኑ የኅብረት ሥራ የመጀመሪያ መርሕ ነው። የዕጣ ክፍያውንም በመተዳደሪያ ደንባቸው ከየወሩ አበሉ በየጥቂቱ እንዲከፍል ቢፈቅዱለት ማኅበሩ አይጎዳም።

ሁለተኛ፣ የተመለሰውን ሰው ሙያ እንጠቀምበት። ሹፌር፣ መካኒክ፣ የንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ ነርስ ሆኖ የኖረ ብዙ አለ። የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያችን የሚፈልገው የመዝገብ ሥርዓትና የሞተር ጥገና በእጁ ነው።

ሦስተኛ፣ የወረዳና የቀበሌ አመራሮች በዓመት አንድ ቀን እንኳ ወስነው የሠራዊት ቤተሰቦችን የጋብቻ፣ የልደትና የመሬት ይዞታ ማስረጃ በየቀበሌው ቢያሟሉላቸው፣ ብዙ ክርክር ከመጀመሩ በፊት ይዘጋል።

አራተኛ፣ ወንድሙ በሠራዊት ሳለ ማሳውን ይዞ የቆየ ሰውና የተመለሰው ባለ ይዞታ እንዳይጋጩ የአገር ሽማግሌዎች አስቀድመው ያስማሟቸው። ቡናውን 15 ዓመት የኮተኮተ እጅ ዋጋ አለው፤ በሌለበት መሬቱ የተጠበቀለት ሰውም መብት አለው። ሁለቱንም ሳይረሱ ቢካፈሉ የማኅበሩ ቡና አይቀንስም።

በመጨረሻም ለወጣቶቹ የምለው፣ የጡረታ ቀን ተቆጥሮ የሚመጣ ቀን ነው። ጦርነት ሳይታሰብ ይመጣል፤ ጡረታ ግን ቀኑን አስቀድሞ ይነግርሃልና ችግኝህን አስቀድመህ ትከል።