ከባሕር ያልተመለሱት

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለንባብ የተዘጋጀ)

መጽሐፍ ቅዱስ በእጃችሁ ያለ መዝሙር 107ን ከቁጥር 23 እስከ 32 አውጡልኝ። መኪና የምትነዱ ግን መሪያችሁን ያዙ፤ ኋላ ታነቡታላችሁ።

ይህን ክፍል ስንት ጊዜ ሰብኬበታለሁ! ማዕበሉ ይነሣል፣ መርከበኞቹ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳሉ፣ ጥበባቸው ያልቃል፣ ወደ ጌታ ይጮኻሉ፤ እርሱም ባሕሩን ጸጥ አድርጎ ወደሚፈልጉት ወደብ ያደርሳቸዋል። "ሃሌሉያ!" ብዬ አልፍ ነበር። የደጋ ልጅ ነኝና ባሕርን የማውቀው በምሳሌነት ብቻ ነበር።

ለአገልግሎት አሜሪካ በሄድኩበት ጊዜ ቦስተን የሚኖር አንድ ወንድም "ፓስተር፣ አንድ ቦታ ላሳይዎት" ብሎ በመኪናው ወሰደኝ። አንድ ሰዓት ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነድተን ግሎስተር ደረስን። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1623 እንግሊዛውያን ዓሣ ሊያጠምዱ የሰፈሩባት፣ እስከ ዛሬም በዓሣ ጀልባ የምትታወቅ ከተማ ናት። ኬፕ አን በሚባለው በዚያ የምድር ጫፍ ግዙፍ የግራናይት ቋጥኝ እስከ ውሃው ድረስ ይወርዳል። ማዕበሉ ሲመታው ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። ውሃው ሞልቶ ሲመለስ፣ የደረሰበትን ያህል ቋጥኙ ጠቁሮ ይታያል። ወደቡ ላይ በሽቦ የተሠራ የሎብስተር ወጥመድ ተደራርቦ ተከምሯል። (ሎብስተር ብላ ተብዬም ነበር፤ እግሩን ቆጥሬ ተውኩት።)

ከዚያ በባሕሩ ዳር ወደቆመ ሐውልት ሄድን። የነሐስ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ የዝናብ ልብሱን ለብሶ፣ የመርከቡን መሪ በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ባሕሩ ያያል። የከተማዋ 300ኛ ዓመት መታሰቢያ ሆኖ በ1925 የተመረቀ ነው። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ሳይ ደነገጥኩ። ያው የእኛው መዝሙር! በመርከብ ወደ ባሕር ስለሚወርዱት የሚናገረው ቃል። ወደብ ስለ መድረስ የሚናገረው ቁጥር ግን እዚያ የለም። ዙሪያውን ያለው ስም ነው። ከ5,300 በላይ ስም፣ በየዓመቱ ተራ፣ በሰሌዳ ላይ። ሁሉም በባሕር የቀሩ ናቸው። በ1991 አንድሪያ ጌይል በምትባል ጀልባ የወጡት 6 ሰዎችም አሉበት፤ እነርሱም ጀልባቸውም እስከ ዛሬ አልተገኙም።

እዚያ ከተማ ሃዋርድ ብላክበርን የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነበር። በጥር 1883 ከባልደረባው ከቶም ዌልች ጋር ከመርከባቸው በትንሽ ጀልባ ወርደው ገመዳቸውን ሊያነሱ ሄዱ። በረዶ አዘል ማዕበል ተነሣና መርከባቸው ጠፋቻቸው። ብላክበርን ውሃ ሲቀዳ ጓንቱ ባሕር ገባበት። እጁ ሊደርቅ መሆኑን ሲያውቅ ምን አደረገ መሰላችሁ? ጣቶቹን በመቅዘፊያው ላይ አጥፎ እንደዚያው እንዲደርቁ ተዋቸው። ከደረቁ በኋላ መቅዘፍ እንዲችል ነው። በ5ኛው ቀን ኒውፋውንድላንድ የሚባል አገር ደረሰ፤ የእጆቹን ጣቶች በሙሉ አጣ፤ በሕይወት ግን ተረፈ። ዌልች ጀልባዋ ውስጥ ሞተ። ብላክበርን ሬሳውን ባሕር ላይ አልጣለውም፤ ይዞት ቀዘፈ።

ወገኖቼ፣ እዚያ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ጥያቄ መጣብኝ። የጮኸ ሁሉ ወደብ ደርሷል ወይ? በአንድ ጀልባ ከነበሩት ሁለት ሰዎች አንዱ የሞተው እምነት ጎድሎት ነው ልበል? አልደፍርም። ድሮ እንዲህ የሚመስል ነገር ሰብኬ አቁስያችሁ ከሆነ ይቅር በሉኝ። መዝሙሩ እውነት ነው፤ የሚያድን እርሱ ነው። ያው መጽሐፍ ደግሞ በራእይ 20፥13 ባሕር በውስጡ ያሉትን ሙታን የሚሰጥበት ቀን እንዳለ ይነግረናል። ለእነዚያ ስሞች የምይዘው ቃል ይህ ነው፤ ሌላ የለኝም።

ዞር ስል ወንድም ከሰሌዳው አልተነሣም። "ምን ታነባለህ?" አልኩት። "ምንም። ታናሽ ወንድሜ ከሊቢያ ወደ ጣሊያን ሲሻገር ቀረ። ስሙ የትም አልተጻፈም። የምቆምበት ሳጣ እዚህ እመጣለሁ" አለኝ። እኔ እኮ ለሽርሽር ያመጣኝ መስሎኝ ነበር!

በዚያው የባሕር ዳር መንገድ የዓሣ አጥማጅ ሚስቶች መታሰቢያ አለ፤ አንዲት ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር ባሕሩን ታያለች። እርሷን ሳይ በእኛ አጥቢያ ያለች አንዲት እናት ትዝ አለችኝ። ልጇ ከኦቦክ ወደ የመን ከተሳፈረ ወዲህ ስልኳን ከአጠገቧ አትለይም፤ እንቅልፍ ሲወስዳት እንኳ በእጇ ነው። እኛ ምን አልናት? "በእምነት ያዢው፣ ይደውላል።" ዓመት አለፈ፣ ሁለተኛው መጣ፣ አልደወለም፤ እኛም መጠየቅ አቆምን። "በሕገ ወጥ መንገድ ነው የሄደው" እያልን በጸሎት ስብሰባ ስሙን ጠርተን አናውቅም።

ከተመለስኩ በኋላ ሽማግሌዎቹን ይዤ ቤቷ ሄድኩ። ይቅርታ ጠየቅናት። ቡና አፈላችልን። ስሙን ከነአባቱ ነገረችንና በአንድ ደብተር የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፍነው። አሁን ገጹ ሞልቷል። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ ከመዝሙር በፊት፣ ቆመን እናነበዋለን። አንዱ ቢመለስ ደግሞ ጉባኤው ፊት አቁመን እናመሰግናለን።

ስም ያላችሁ አምጡልን። የእኛ አጥቢያ አባል ባትሆኑም፣ ልጁ የሌላ እምነት ተከታይ ቢሆንም አምጡ። የሄደበትን ቀን ካወቃችሁ ጨምሩበት።

እንጸልይ።