ከተለቀቀ በኋላ የሚቀየር ስም፦ የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ስሪቶችን ስለ ማቀድና ኤፒአይን ስለ ማጽናት



ንግግሬን ከአንዲት ፊደል ልጀምር። በፓይተን ቋንቋ ሁለተኛ ትውልድ «ሰላም» የሚለውን ቃል ጽፈን ርዝመቱን ብንጠይቅ መልሱ 9 ነበር። የሚቆጠረው ፊደሉ ሳይሆን ባይቱ ነውና፤ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። የመጀመሪያውን ፊደል ብንጠይቅ የ«ሰ»ን ሲሶ ቆርሶ ይሰጠናል። ትክክለኛውን መልስ ለማግኘት ከጥቅሱ በፊት «ዩ» የምትባለውን የላቲን ፊደል ማስቀደም ያስፈልግ ነበር።

በዲሴምበር 2008 (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) የወጣው ፓይተን 3.0 ጽሑፍን ሁሉ ከመነሻው ዩኒኮድ አደረገ፤ «ሰላም»ም 3 ሆነ። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ለምንሠራ ሰዎች ይህን ያህል የጠቀመን የፕሮግራም ቋንቋ ለውጥ አላስታውስም።

ሆኖም አዘጋጆቹ ያችን ፊደል «ከእንግዲህ ሥራ የላትም» በሚል ከቋንቋው አስወጧት። እርሷን የያዘ ፕሮግራም በ3.0 ከነጭራሹ አይነሣም። አመክንዮው ንጹሕ ነው። የተጎዳው ግን ማን እንደሆነ ተመልከቱ፤ በአሮጌው ቋንቋ ዩኒኮድን በጥንቃቄ ይጠቀም የነበረው ሰው ነው። ከተጠቃሚዎቹ ከፊሎቹ በአሮጌው፣ ከፊሎቹ በአዲሱ ላይ ያሉበት የላይብረሪ አዘጋጅ አንድ ኮድ በሁለቱም ላይ ማስኬድ ቸገረው፤ ብዙዎችም ባሉበት ቆዩ። የመሸጋገሪያው ዕቅድ በአብዛኛው የቆመው ሰው ኮዱን በመለወጫ መሣሪያ አሳልፎ አሮጌውን ይተዋል በሚል ግምት ላይ ነበር። በሴፕቴምበር 2012፣ በ3.3፣ ፊደሏ ተመለሰች። ዛሬም አለች፤ ምንም አትሠራም፤ አሮጌው ኮድ እንዲነበብ ብቻ ቦታዋን ይዛለች። የሁለተኛው ትውልድ ድጋፍ ማብቂያም ከ2015 ወደ 2020 ተገፋ።

እኔ ከዚህ የምወስደው ይህን ነው፦ ለውጡ ትክክል ነበር፤ የጎደለው አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን የሚኖሩበት ዘመን ነበር። ኤፒአይ ስንል ሌሎች ፕሮግራመሮች የሚጠሯቸውን ስሞችና የአጠራራቸውን ደንብ ማለታችን ነው፤ እኔ ግን የሚቀየርበትን ጊዜ ጭምር እጨምርበታለሁ።

የቱ ይፋዊ፣ የቱ የውስጥ እንደሆነ አስቀድሞ መለየት ግድ ነው። የሊነክስ ከርነል አዘጋጆች በዚህ ይመሰገናሉ። የውስጥ ክፍሎቹ የሚጠራሩባቸው ስሞች በማንኛውም ጊዜ ሊቀየሩ እንደሚችሉ በግልጽ ጽፈዋል፤ ተራ ፕሮግራሞች ከርነሉን የሚጠሩበት በር ግን አይነካም። ሊኑስ ቶርቫልድስ ይህን በር በነካ ሰው ላይ የሚያወርደው ቁጣ የታወቀ ነው፤ ቁጣውን ባላደንቅም ደንቡን አደንቃለሁ።

ስም ሳይቀየርም ኤፒአይ ሊሰበር ይችላል። ከተማሪዎቻችን አንዱ የአማርኛ ጽሑፍን የሚያስተካክል ላይብረሪ ለሕዝብ ለቀቀ እንበል። አንዱ ፋንክሽን «ሠ»ን ወደ «ሰ»፣ «ሐ»ንና «ኀ»ን ወደ «ሀ» ያዋሕዳል። አንድ ቤተ መጻሕፍት በዚሁ ፋንክሽን የመጻሕፍቱን ርእሶች አስተካክሎ የመፈለጊያ ማውጫ ሠራ። ከዓመት በኋላ አዘጋጁ «ሠረቀ» እና «ሰረቀ» አንድ መሆናቸው ይቆረቁረዋል፤ ፀሐይ መውጣትና ሌብነት ናቸውና እውነት አለው። ማዋሐዱን ያስቀራል። የፋንክሽኑ ስም ያው ነው፤ ስሕተት የሚያሳይ መልእክትም የለም። ነገር ግን ትናንት የተገኘው መጽሐፍ ዛሬ አይገኝም፤ ማውጫው በአንድ ደንብ፣ ጥያቄው በሌላ ደንብ ተጽፏልና። ምክንያቱን ለመፈለግ የሚቀመጠው ምናልባት የመሥሪያ ቤቱ ብቸኛ ፕሮግራመር ነው፤ ስለ ለውጡም የጠየቀው የለም። ስለዚህ አዲሱ ጠባይ በአዲስ ስም ወይም በአማራጭ ይምጣ፤ አሮጌው እያስጠነቀቀ ይቆይ።

እስከ መቼ? ፓይተን ዛሬ መልስ አለው። ከ3.9 ጀምሮ አዲስ ስሪት በየዓመቱ በኦክቶበር ይወጣል፤ የሚወገድ ነገርም ቢያንስ በሁለት ስሪቶች ላይ ማስጠንቀቂያ ይሰጥበታል። ፓኬጅ ማዘጋጃ የነበረው ዲስትዩቲልስ በ2021 በ3.10 ላይ ማስጠንቀቂያ ተሰጠበት፤ በ2023 በ3.12 ተወገደ። ያኔም የተሰበረባቸው አልጠፉም፤ አዘጋጆቹ የሚወቀሱበት ምክንያት ግን አይታየኝም፤ ቀኑ ታውቆ ነበርና።

ላይብረሪ ለመልቀቅ ለምትዘጋጁ ተማሪዎች፦ በተለመደው የስሪት አቆጣጠር ከ1.0 በፊት ሁሉም ነገር ሊቀየር ይችላል፤ ይህን ነጻነት ተጠቀሙበት። የውስጥ ስሞቻችሁን በሥር መስመር ጀምሯቸው፤ የማታስተምሩበትን ፋንክሽን ይፋ አታድርጉ። የ«ሠ» እና የ«ሰ» ክርክርም በዚያው በ0 ዘመን ይለቅ።