ለትከሻችን የምናስበውን ለአህያዋ ጀርባም እናስብ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት፣
የተከበራችሁ የወረዳና የቀበሌ አመራሮች፣
ጥሪ የተደረገላችሁ እንግዶች፣

በዚህ መድረክ ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር አቅርቦት ብዙ ተብሏል። እኔ የምናገረው ማዳበሪያውን ከመጋዘን እስከ ማሳ ስለምታደርሰው አህያ፣ በተለይም በጭነቱና በጀርባዋ መካከል ስለሚደረገው ምንጣፍ ነው።

ነገሩን ብዙዎቻችሁ ከምታውቁት ልጀምር። የድሮው ምንሽር የሰደፉ ጫፍ ብረት ነው። ሲተኮስ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ትከሻ ይመታል። ባለቤቱ ሰደፉ ላይ ጎማ ሲያስገጥም ጎማው ምቱን አያጠፋውም፤ በሰፊ ቦታ ላይ አሳርፎ ያለዝበዋል እንጂ። ይሁንና ብልህ አናጺ ጎማውን እንዲሁ አይለጥፈውም። አስቀድሞ የባለቤቱን ክንድ ይለካል፤ የጎማውን ውፍረት ያህልም ከእንጨቱ ይቆርጣል። ያለዚያ ሰደፉ ይረዝምና ትከሻ ላይ በትክክል አያርፍም። ስለዚህ ቁም ነገሩ የጎማው ልስላሴ ብቻ ሳይሆን ልኩ ነው።

የአህያዋም ጉዳይ እንዲሁ ነው። እንግዳ ይዛ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የምትወጣ በቅሎ ከኮርቻዋ ሥር ምንጣፍ ይደረግላታል። ማዳበሪያ ለምትጭነው አህያ ግን ያገኘነውን ቁራጭ ጣል አድርገን እንጭናለን። ጭነቱ አከርካሪዋ ላይ ሲያርፍ ቆዳው በአጥንትና በጭነት መካከል ይጨፈለቃል። ደም ወደዚያ ቦታ መድረስ ያቅተዋል፤ ሥጋው ከውስጥ ይሞታል፤ ቁስሉ ኋላ ይወጣል። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላሉ። እኛ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ጥፋቱ የዳውላው ሆኖ ሳለ ዱላው አህያዋ ላይ ያርፋል።

በመሆኑም ምንጣፉን ስናዘጋጅ የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ እንበል።

1ኛ. አንድ ወፍራም ምንጣፍ አከርካሪው ላይ መከመር መፍትሔ አይደለም። ሁለት ረዣዥም ትራሶች ከቃጫ ጆንያ ይሰፉ፤ በደረቅ ገለባ ወይም ጭድ እኩል ጠቅጥቀን እንሙላቸው። አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ የጎድን አጥንት ላይ ይረፍ። በመካከላቸው አራት ጣት የሚያህል ክፍተት ይኑር፤ ክፍተቱ እንዳይጠብም ትራሶቹ ከፊትና ከኋላ ይያያዙ።

2ኛ. ልኩ በራሷ በአህያዋ ላይ ይወሰድ። ትራሱ ከጫንቃዋ ኋላ ጀምሮ የዳሌዋ አጥንት ሳይደርስ ይብቃ።

3ኛ. ቆዳዋን የሚነካው ነገር ላብ የሚመጥ ይሁን። የማዳበሪያው የፕላስቲክ ጆንያ ይሞቃል፣ ይንሸራተታል፤ የናይለን ገመድም ቆዳ ይቆርጣል። በደረትና በጭራ ሥር የሚያልፈው ማሰሪያ ሰፋ ያለ ጠፍር ወይም በጨርቅ የተጠቀለለ ይሁን።

4ኛ. ከተጫነ በኋላ እጃችንን በአከርካሪዋ ላይ እናሳልፍ። እጅ ካላለፈ ይራገፍና እንደገና ይጫን። ገለባው ሲደቅ ይጨመርበት ወይም ይቀየር።

5ኛ. ስናራግፍ ጀርባዋን እንይ። ላቡ እኩል ከሆነ መልካም ነው። በላቡ መካከል ደረቅ ቦታ ከታየ ግን ጭነቱ እዚያ ላይ ከብዷል ማለት ነው። ጠባሳ ላይ የበቀለ ነጭ ፀጉርም የቀድሞ ቁስል ምልክት ነው።

የጭነቱም መጠን ይታሰብበት። ለአህያ የሚመከረው ጭነት ከሰውነቷ ክብደት ሲሶ ያልበለጠ ነው። 120 ኪሎ የምትመዝን አህያ እንግዲህ 40 ኪሎ ትጭናለች። ባለ 50 ኪሎው ከረጢት ራሱ ይበዛባታል። አንድ ኩንታል ስንጭንባት ደግሞ የራሷን ክብደት የሚጠጋ ጭነት አሸክመን የላስታን ዳገት ውጪ ማለታችን ነው። ምንም ዓይነት ምንጣፍ ይህን አያካክስም።

የቆሰለች አህያ እስክትድን ጭነት አይንካት። ቁስሉ ፈልቶ በበረደ ውሃ ይታጠብ፤ በ1 ሊትር ውሃ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። በጋለ ብረት መተኮስ ጉዳቱን ያብሳል። ካመረቀዘ ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ትወሰድ።

የተከበራችሁ አባላት፣ ቁስሉ ለመዳን ሳምንታት ይፈጃል። ይህ በሰኔ ወይም በሐምሌ ከደረሰ ማዳበሪያው መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብሎ የዘሩ ጊዜ ያልፋል። በብድር የተወሰደ ማዳበሪያ ከሆነ ደግሞ ዕዳው ይቀራል፣ ምርቱ ይቀንሳል። ሸክሙም ወደ እናቶችና ወደ ልጆች ጀርባ ይዞራል።

ስለዚህ ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ማኅበራት ከሰኔ በፊት የአካባቢውን ልብስ ሰፊዎች አስተባብረው ትራሶቹን ያሰፉ። ሁለተኛ፣ በየመጋዘኑ በር ሚዛን ይኑር፤ ከረጢቱን ከፍሎ መጫን ለሚፈልግ አባልም ይመቻችለት። ሦስተኛ፣ ጀርባዋ የቆሰለ አህያ ከመጋዘን ጭና እንዳትወጣ አባላት በራሳቸው መተዳደሪያ ደንብ ይወስኑ። አመራሮችም የእንስሳት ጤና ባለሙያ በማከፋፈያ ቀናት እንዲገኝ ቢያደርጉ ሥራው ይሟላል።

ወጪው ጥቂት ጆንያ፣ ገለባና የአንድ ቀን ስፌት ነው። ከመጪው ክረምት በፊት እንጀምረው።