የጃፓን እራትና የሎሚ ጀላቲ



የዛሬው ጨዋታችን ስለ አንድ ምሽት ነው። እኛ እዚህ አሽዶድ፣ ሃኪርያ የምንኖር ቤተሰብ ነን። በቅርቡ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ «አባዬ፣ የክፍሌ ልጆች ሁሉ የጃፓን ምግብ በልተዋል፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ» አለችኝ። እናቴ ይህን ሰምታ «ጥሬ ዓሣ የሚበሉትን ነው?» ብላ ፊቷን አጨማደደች። አልፈረድሁባትም። በአገር ቤት ጎረቤት ጥሬ ሥጋ ሲቆርጥ እኛ ቤተ እስራኤሎች ደም ያለበትን አንነካም ነበር። ቢሆንም ትንሹን ልጄን ጨምረን ሁላችንም ወጣን።

የሄድንበት ቤት ጃፓኖች ኢዛካያ የሚሉት ዓይነት ነው። በኤዶ ዘመን፣ ማለትም በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1603 እስከ 1868 ባለው ጊዜ፣ ሳኬ የተባለውን የሩዝ መጠጥ የሚሸጡ ሱቆች ደንበኛው እዚያው ተቀምጦ እንዲጠጣ ፈቀዱ፤ ቀስ በቀስም ምግብ ጨመሩበት። ከእኛ ጠላ ቤት ብዙ አይርቅም። ምግቡ በትንንሽ ሳህን እየመጣ መሐል ይቀመጥና ሁሉም ይካፈለዋል። አስቀድሞ ለእጅ መጥረጊያ እርጥብ ፎጣ ይሰጣል። እናቴ ፎጣውን ስታይ «እነዚህስ ሥርዓት ያውቃሉ» አለች።

ከመቀመጣችን በፊት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የካሽሩት ምስክር ወረቀት አየሁ። ባለቤቱ «ካሸር ነው» ማለቱ ብቻ አይበቃም፤ ወረቀቱን ማን እንደሰጠው፣ ጊዜው አለማለፉን፣ ቤቱም ባሳሪ ማለት የሥጋ፣ ወይስ ሐላቪ ማለት የወተት መሆኑን ተመልከቱ። ወረቀት በሌለበት ቤት ሽሪምፕስ፣ ካላማሪ፣ ኡናጊ የሚሉት እባብ መሳይ ዓሣም ሊቀርብ ይችላል፤ እነዚህ የተከለከሉ ናቸው። የጣናን አምባዛ የምታውቁ ነገሩ ይገባችኋል፤ ቅርፊት የለውም። ሳልሞንና ቱና ግን ክንፍም ቅርፊትም አላቸው። ጥሬነቱስ? በሕጉ ዓሣ እንደ ሥጋ በጨው ደሙ እንዲወጣ አይጠየቅም፤ ስለዚህ ጥሬ መሆኑ ብቻ አያስከለክለውም። እናቴ ግን አልነካችውም፤ እኛም አላስገደድናትም። ከነሽፋኑ የተቀቀለ አኩሪ አተር እንደ ባቄላ እሸት እየፈለፈለች፣ በእንጨት ተሰክቶ በከሰል የተጠበሰ ዶሮ በላች። ያኪቶሪ ይሉታል።

አረንጓዴውን ማባያ፣ ዋሳቢን፣ ተጠንቀቁ። እንደ በርበሬ ምላስ ላይ አይቆይም፤ እንደ ሰናፍጭ በአፍንጫ ይወጣል። የሰናፍጭ ዘመድ ነውና። እኔ በማንኪያ ወስጄ ልጆቼ እስኪጠግቡ ሳቁብኝ።

ሒሳቡን በተመለከተ፣ ትንንሹ ሳህን ሲደመር ትንሽ አይደለም። ምን ያህል እንደምታወጡ ቤት ሳላችሁ ወስኑ። ለአስተናጋጁ ከመቶ 10 እስከ 12 ጉርሻ መስጠት የተለመደ ነው።

ስንወጣ ትንሹ ልጄ የጀላቲ ቤት አይቶ ሮጠ። እዚህ ግሊዳ ይሉታል። እኛ ደግሞ ዶሮ በልተናል! ዶሮ እንደ ሥጋ ስለሚቆጠር ብዙ ሰው ወተት ሳይነካ ስድስት ሰዓት ይቆያል፤ የየቤቱ ልማድ ስለሚለያይ ራባያችሁን ወይም ቄሳችሁን ጠይቁ። ልጄ እንደ ልማዷ ወደ ሻጩ ቀደመች። በየቢሮው የምትናገረው እሷ ናት፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜ ራሴን እነቀንቃለሁ። ያን ጊዜ ግን የሚያስፈልገውን ቃል አውቀው ነበር። «ዬሽ ፓርቬ?» አልሁ፤ ሥጋም ወተትም የሌለበት አለ ወይ ማለቴ ነው። ሻጩ ሎሚና ማንጎ አሳየኝ። የሚጨልፍበትን ማንኪያ እንዲያጥበውም ጠየቅሁት፤ አጠበው። ልጄ ዘወር ብላ አየችኝ እንጂ ምንም አላለችም።

የወተቱን ጀላቲ የሚፈልግ ልጅ ካላችሁ አስቀድማችሁ ሥጋ ወደማይሠራበት ቤት ሂዱ፤ መንገድ ላይ ከማስለቀስ ይሻላል።

እናቴ የሎሚውን እስከ ታች ጨርሳ «ይህስ ጥሬ አይደለም?» አለች።

ደኅና እደሩ።